«ፈቃድ ተከልክሏል»፦ ከካርቱም ያወጣነው ደፍተርና አሮጌው ሊኑክስ

ካርቱም ውስጥ የነገደ ሰው «ፈቃድ» የሚለውን ቃል በደንብ ያውቀዋል። የመኖሪያው ኢቃማ አለ፣ የሱቁ ሩክሳ አለ፣ ገላባት ላይ የጉምሩኩ ወረቀት አለ። ኮምፒውተርም ፈቃድ እንደሚጠይቅ ብዙዎቻችን የምናውቀው ግን ሲከለክለን ነው።

ከካርቱም ስንወጣ ዕቃውን ጥለን ሃርድ ዲስክና ፍላሽ ብቻ የያዝን ሰዎች ብዙ ነን። ያንን ዲስክ ጎንደር፣ አዲስ አበባ ወይም ካይሮ ላይ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው «ፈቃድ ተከልክሏል» የሚል መልስ ያገኙ እህቶች ደጋግመው ጠይቀውናል። ለእያንዳንዳቸው በስልክ ከማስረዳት፣ ያለፍንበትን በቅደም ተከተል ብንጽፈው ይሻላል ብለን ተቀመጥን።

እኛ ደይም ውስጥ አንዲት ሱቅ ለሦስት የያዝን ሴቶች ነበርን። በመተማ በኩል ቡና፣ በርበሬ፣ ሽሮና ጤፍ እናስገባለን፤ ከካርቱም ደግሞ ልብስና ሽቶ እንልካለን። የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለንም። ያለን የኮሜርስ ዲፕሎማና የብዙ ዓመት የዱቤ ደፍተር ነው። ስለዚህ የምንጽፈው ሂሳብ ያዥ ለሂሳብ ያዥ እንደሚያስረዳው ነው።

ሊኑክስ እንዴት ሱቃችን ገባ

ከ1990 ዓ.ም. እስከ 2010 ዓ.ም. ሱዳን በአሜሪካ ማዕቀብ ሥር ነበረች። ካርቱም ላይ ቁጭ ብሎ በካርድ ከፍሎ ፕሮግራም መግዛት የማይታሰብ ነበር። ከአሜሪካ የሚወርዱ ብዙ ፕሮግራሞች ከሱዳን ሲጠየቁ በራቸውን ይዘጉ ነበር። ስለዚህ የሱቁ ሰው ሁሉ በተቀዳ ዊንዶውስ ይሠራል፤ ቫይረሱም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየዘለለ ገበያውን ይዞራል። ሊኑክስ ግን ገንዘብ አይጠየቅበትም፣ ኮፒ ማድረግም ሕጋዊ ነው፣ በአሮጌ ማሽንም ይሄዳል።

የእኛን ማሽን የጫነልን ሰው ኡቡንቱ 14.04 የሚባለውን አስገባልን። ቁጥሩ የወጣበትን ዓመትና ወር ነው የሚናገረው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በአራተኛው ወር ማለት ነው። የተለመደው ድጋፍ የአምስት ዓመት ስለነበር በ2011 ዓ.ም. አበቃ። ማሽኑ ግን ባለ 32 ቢት አሮጌ ስለነበረ፣ ኡቡንቱም ለእንዲህ ያለ ማሽን አዲስ መጫኛ ማውጣት ስላቆመ፣ እኛም ኢንተርኔት የምንጠቀመው በስልክ ብቻ ስለሆነ፣ ለደፍተር ብቻ ይበቃናል ብለን ይዘነው ቆየን። መብራት እየሄደ እየመጣ፣ ሀቡቡ አቧራውን እየነዛበት፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን ማራገቢያው እየጮኸ ሠርቶልናል።

ፈቃዱ እንዴት ነው የሚሠራው

ሊኑክስ ላይ እያንዳንዱ ፋይል አንድ ባለቤትና አንድ ቡድን አለው። ከእነዚህ ውጭ ያለው ሁሉ «ሌላ ሰው» ነው። ለሦስቱም ለየብቻ ሦስት ነገር ይፈቀዳል ወይም ይከለከላል፦ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማስኬድ። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ተብሎ ይቆጠርና ይደመራል። 640 ማለት ባለቤቱ ያነባል፣ ይጽፋል፤ ቡድኑ ያነባል ብቻ፤ ሌላው ምንም። 770 ማለት ባለቤቱና ቡድኑ ሁሉንም ይችላሉ፤ ሌላው ምንም። ሚዛን ማስታረቅ ለለመደ ሰው ይሄ ቀላል ሂሳብ ነው።

ሁለት ነገር ግን አስተውሉ። አንደኛ፣ ለፎልደር «ማስኬድ» ማለት መግባት ማለት ነው። ፋይሉ ክፍት ሆኖ የያዘው ፎልደር መግባት ከከለከለ ፋይሉ አይደረስበትም፤ የግቢው በር ተቆልፎ የጓዳው በር ቢከፈት ምን ያደርጋል? ስለዚህ ክልከላ ሲመጣ ፋይሉን ብቻ ሳይሆን ከላይ ጀምሮ ያሉትን ፎልደሮች አንድ በአንድ መፈተሽ ነው።

ሁለተኛው ትልቁ ነው። ኮምፒውተሩ ከፋይሉ ጋር የሚያስቀምጠው ስማችሁን ሳይሆን ቁጥራችሁን ነው። ኡቡንቱ ላይ መጀመሪያ የተመዘገበ ተጠቃሚ 1000 ይሆናል፣ ቀጣዩ 1001፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ሁሉን የሚችለው አስተዳዳሪ፣ ሩት የሚባለው፣ ቁጥሩ 0 ነው። ማሽኑ ቁጥሩን አይቶ ከራሱ መዝገብ ስሙን ፈልጎ ያሳያችኋል። ዲስኩ ወደ ሌላ ማሽን ሲሄድ ያኛው ማሽን ቁጥሩን የሚተረጉመው በራሱ መዝገብ ነው። የእናንተ ቁጥር እዚያ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ወይም ጭራሽ ባለቤት የሌለው ቁጥር ሊሆን ይችላል።

ካርቱም ሳለን የለመድናቸው ክልከላዎች

ማሽን ሲያረጅ «አይቻልም» የሚልባቸው ምክንያቶች ይበዛሉ፤ ሁሉም ግን የፈቃድ ጉዳይ አይደሉም። ሦስቱን በተደጋጋሚ አይተናቸዋል።

የመጀመሪያው ከመብራት ጋር የሚመጣው ነው። መብራት በድንገት ሲሄድ፣ ወይም ዲስኩ ሲደክም፣ ሊኑክስ የፋይል ሥርዓቱ ላይ ስህተት ካገኘ ጉዳቱ እንዳይብስ ብሎ ሁሉን ነገር ወደ «ንባብ ብቻ» ይለውጠዋል። ደፍተሩ ይከፈታል፣ ግን አንዲት መስመር እንኳ ማስቀመጥ አይቻልም። እዚህ ላይ ፈቃድ መቀየር አይሠራም፤ ፈቃድ መቀየርም ራሱ መጻፍ ነውና። መጀመሪያ ደፍተሩን ወደ ሌላ ፍላሽ መገልበጥ፣ ከዚያ ማሽኑን ዳግም አስነስቶ ዲስኩን ማስፈተሽ ነው። ይሄ በወር ውስጥ ደጋግሞ ከመጣ ዲስኩ ሊሰናበት እንደሆነ ቁጠሩት።

ሁለተኛው የመያዣ ፋይል ነው። ሊብሬኦፊስ አንድ ሰነድ ሲከፈት «ተይዟል» የሚል ትንሽ ስውር ፋይል አጠገቡ ያስቀምጣል፤ ሲዘጋ ያነሳዋል። ከመካከላችን አንዷ በራሷ ስም ከፍታ ሳለ መብራት ከሄደ ያ ፋይል እዚያው ይቀራል። ሌላዋ ስትመጣ «በሌላ ሰው ተይዟል፣ ማንበብ ብቻ ነው የምትችዪው» ትባላለች። ሰነዱን በእውነት ማንም እንዳልከፈተው ካረጋገጡ በኋላ ያንን ስውር ፋይል ማጥፋት ይበቃል።

ሦስተኛው ከጠጋኝ የሚመጣ ነው። አንድ ቀን ፕሮግራሙ ሲያስቸግረን የጠራነው ልጅ «ሱዶ» በሚለው ትዕዛዝ፣ ማለትም በአስተዳዳሪው ሥልጣን፣ ሊብሬኦፊስን ከፍቶ «ይኸው ሠራ» ብሎን ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። በማግስቱ በራሳችን ስም ስንገባ የትናንቱ ሰነድ ተከለከለ፣ ፕሮግራሙም አልነሳ አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በአስተዳዳሪ ሥልጣን የተቀመጠ ፋይል ባለቤቱ አስተዳዳሪው ይሆናል። መፍትሔው ባለቤትነቱን መመለስ እንጂ ሁልጊዜ በሱዶ መክፈት አይደለም፤ በሱዶ በከፈታችሁ ቁጥር የሚከለከለው ፋይል ይበዛል።

ከሁሉ የከፋውን ያየነው ጎረቤት ሱቅ ነው። ሌላ ጠጋኝ መጥቶ ለማሽኑ በሙሉ 777 ሰጠው። ሁሉም ሰው ሁሉን ያንብብ፣ ይጻፍ፣ ያስኪድ ማለት ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንደሚባለው ከመሆኑም በላይ፣ ሱዶ ራሱ መሥራት አቆመ፤ የፈቃድ መዝገቡን ማንም ሊጽፍበት እንደሚችል ካየ ወይም ልዩ ሥልጣኑ ከተገፈፈ እምቢ ይላል። ያ ማሽን እንደ አዲስ ተጫነ። 777 የሚል ሰው ከመጣባችሁ ቡናውን ጠጥቶ ይሂድ።

የፋሲካ ዋዜማ

ጦርነቱ የተነሳው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ቅዳም ሹር ነበር፣ ማግስቱ ፋሲካ። ለእስላሞቹም የረመዳን መጨረሻ ሳምንት ነበር። በዓል የሚያሰናዳ ሰው ሁሉ በዱቤ ወስዶ ነበር፤ በርበሬው፣ ቅቤው፣ ቡናው ወጥቶ ገንዘቡ ገና አልገባም። ነጋዴ የሆነ ሁሉ ይሄን ያውቃል፤ ደፍተር እንደ በዓል ዋዜማ የሚከብድበት ቀን የለም።

በእኛ ማሽን ላይ ያለው የዱቤው ተሰብሳቢ ሂሳብ ብቻ አልነበረም። የ12 ሴቶች እቁብም እዚያው ይያዝ ነበር። 5ቱ ወስደዋል፣ 7ቱ ይጠብቃሉ። የወረቀቱ መዝገብ ከእቁቡ ጸሐፊ ጋር ነበር፤ እሷ ከልጆቿ ጋር ወደ ሰሜን በግብፅ መንገድ ስትወጣ መዝገቡ ቤቷ ቀረ። እኛ ተኩሱ ረገብ ባለበት ቀን ሱቅ ደርሰን የኮምፒውተሩን ጎን በመፍቻ ፈትተን ዲስኩን ብቻ አወጣን። በነጠላ ጠቅልለነው በመዳኒ፣ በገዳሪፍ፣ በገላባት አድርገን መተማ ገባን። ድንበር ላይ የተጠየቅነው ፓስፖርትና ሊሴ ፓሴ ነው፤ ስለ ዲስኩ የጠየቀን የለም።

የ7ቱ ሴቶች ገንዘብ ያረፈው እዚያች ዲስክ ላይ ነው። ካርቱም ውስጥ ቤትም ሱቅም ጥሎ ለወጣ ሰው እቁቡ የቀረችው ጥሪት ናት። ማን እንደወሰደ፣ ማን ስንት ዙር እንደከፈለ በቃል ብቻ ከተነጋገርን እህትማማችነቱ ሊፈርስ እንደሚችል ሁላችንም እናውቀው ነበር።

ጎንደር ላይ የሆነው

ጎንደር ዘመዶቻችን ዘንድ አርፈን ሃርድ ዲስክን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ ፈልገን ገዛን። መጀመሪያ የሰካነው ዊንዶውስ ያለው ላፕቶፕ ላይ ነው። ወዲያው «ይህን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት መደረግ አለበት፤ ፎርማት ይደረግ?» አለ። እዚህ ጋ ቆም በሉ። ዊንዶውስ የሊኑክስን ዲስክ በራሱ ማንበብ አይችልም፤ ባዶ መስሎት ነው። «እሺ» ያለ ሰው ደፍተሩን በእጁ አጠፋ ማለት ነው። «አይ» ብለን ነቀልን።

ቀጥሎ ኡቡንቱ ያለው ላፕቶፕ ተገኘ። ሊኑክስ የሌላችሁ አትጨነቁ፤ ኡቡንቱን ፍላሽ ላይ አስጭናችሁ፣ ሳትጭኑት «ሞክር» በሚለው አስነስታችሁ ያንኑ ሥራ መሥራት ትችላላችሁ። ዲስኩ ተነበበ፣ ፎልደሮቹ ታዩ። የደፍተሩ ፎልደር ላይ ግን የተከለከለ ምልክት አለበት። ስንጫነው «ፈቃድ ተከልክሏል» አለን። የራሳችንን ደፍተር፣ የራሳችንን ዲስክ።

ያኔ አጠገባችን የነበረው ወጣት «ተበላሽቷል» አለ። አልተበላሸም። የተበላሸ ዲስክ ይንቀጫቀጫል፣ ይዘገያል፣ «የማንበብ ስህተት» ይላል። ይሄ ግን ሳይዘገይ፣ በጨዋ ደንብ ነው የከለከለን። የሚከለክል ነገር ደግሞ የሚጠብቀው ነገር አለው ማለት ነው። እኛም ሂሳብ ሳይታረቅ ሲቀር እንደምናደርገው በጥያቄ ጀመርን።

አንደኛ ጥያቄ፦ ማሽኑ እኛን ማን ይለናል? ተርሚናል ተከፍቶ «አይዲ» ይጻፋል፤ ሁለቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት አይ እና ዲ ናቸው። ላፕቶፑ «1000» አለን።

ሁለተኛ ጥያቄ፦ ፋይሉን የማን ይለዋል? «ኤል ኤስ» ተብሎ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ፣ «ኤል ኤን» ይጻፋል፤ ይሄ ስም ሳያሳይ ቁጥሩን ብቻ ያወጣል። የደፍተሩ ባለቤት 1001፣ ቡድኑ 1004፣ ፈቃዱ 770 ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ተፈታ። ካርቱም ማሽኑን የጫነልን ሰው የመጀመሪያውን ስም በራሱ ከፍቶ ስለነበር 1000 እሱ ነው፤ እኛ ሦስታችን ከ1001 እስከ 1003፤ የሱቁ ቡድን 1004። ጎንደር ያለው ላፕቶፕ 1001 የሚባል ሰው አያውቅም። 1000 ብሎ የሚያውቀው የላፕቶፑን ባለቤት ነው። ስለዚህ ለደፍተሩ እኛ «ሌላ ሰው» ነበርን፤ ለሌላ ሰው የተሰጠው ደግሞ 0 ነው። ማሽኑ ያደረገው ካርቱም ላይ ያዘዝነውን ነው።

ሦስተኛ ጥያቄ፦ ዋናውን ሳንነካ እንዴት እናወጣዋለን? አሮጌ ዲስክ ላይ ፈቃድ ከመቀየር መገልበጥ ይቀድማል። በሱዶ የደፍተሩን ፎልደር በሙሉ ወደ ላፕቶፑ ገለበጥን፤ ትዕዛዙ ሲ እና ፒ ነው፣ ፎልደርን ከነሆዱ እንዲገለብጥ ሰረዝና አር ይጨመርበታል። ከዚያ የቅጂውን ባለቤት ወደ ራሳችን አዞርን፤ ትዕዛዙ «ቾውን» ይባላል፣ በፊደል ሲ፣ ኤች፣ ኦ፣ ደብሊው፣ ኤን፤ እዚህ ሰረዝና ትልቁ አር ነው። ይሄን ያደረግነው ቅጂው ላይ ብቻ ነው። ዲስኩ እንደወጣ ሆኖ በነጠላው ተመልሶ ተጠቀለለ።

አራተኛ ጥያቄ፦ ትክክለኛው ፋይል ነው? ሊብሬኦፊስ ከፍተን የመጨረሻውን ቀን አየን። መጨረሻ የገባው የሚያዝያ 6 ዓርብ ሽያጭ ነው። ድምሩን በእጅ ደግመን ደመርን፤ ታረቀ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የድሮው ኡቡንቱ ሲጫን «የቤት ፎልደሬን በምስጢር ቁልፍልኝ» የሚል አማራጭ ነበረው። ያንን መርጣችሁ ከነበረ ባለቤትነት ማዞር አይረዳችሁም፤ ፋይሉ ቢገኝም የማይነበብ ነገር ነው የሚሆነው። የሚያስፈልጋችሁ የድሮው የይለፍ ቃል ነው። ስለዚህ ቃሉን የምታስታውስ እህት ካለች አሁኑኑ ወረቀት ላይ አስጽፏት።

ፈቃድ ቁልፍ አይደለም

ከዚህ ሁሉ የቀረን ትምህርት ከትዕዛዞቹ በላይ ነው። እኛን ባለቤቶቹን የከለከለ ፈቃድ፣ ሱዶ የሚለውን አንድ ቃል በሚያውቅ ሰው በደቂቃ ታለፈ። እኛ አለፍነው፤ ዲስኩን ሱቃችን ውስጥ የሚያገኝ ዘራፊም ያልፈው ነበር። ፈቃድ አንድ ማሽን ላይ አብረው የሚሠሩ ሰዎችን ሥርዓት ያስይዛል። ዲስኩ ከማሽኑ ከወጣ ግን ጥበቃው በያዘው ሰው ሐቀኝነት ላይ ይወድቃል። የሰው ዕዳ፣ የሰው ስልክ ቁጥር፣ ማን ከማን ስንት እንደተበደረ የያዘ ዲስክ በየኢንተርኔት ቤቱ አይሰካም። ፍላሽ ደግሞ ይብሳል፤ አብዛኛው ፍላሽ የተሠራበት አቀማመጥ ባለቤትነት የሚባል ነገር አይመዘግብም፤ ወደ እሱ የተገለበጠ ደፍተር ላገኘው ሁሉ ክፍት ነው።

ስለዚህ አሁን እንዲህ እናደርጋለን። ደፍተሩ አዲስ ድጋፍ ባለው ሊኑክስ ላይ፣ በምስጢር በተቆለፈ ዲስክ ላይ ይያዛል። የይለፍ ቃሉን ሦስታችንም እናውቃለን፣ የተጻፈበት ወረቀት በአራተኛ ሰው እጅ በታሸገ ፖስታ አለ። በየወሩ መጨረሻ ሚዛኑ በወረቀት ይታተምና ለእያንዳንዷ የእቁብ አባል የራሷ ገጽ ይሰጣታል። በየሦስት ወሩ ደግሞ ቅጂውን ሌላ ማሽን ላይ ከፍተን እናየዋለን፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ አለኝ ማለት አይቻልም።

እቁቡንም ልንገራችሁ። የ12ቱንም ሴቶች ገጽ አትመን፣ ፎቶ አንስተን ላክን። ከወሰዱት 5 ውስጥ አንዷ «እኔ ሦስት ዙር ከፍያለሁ» ስትል ሌላዋ «ሁለት ነው» ትል ነበር፤ ገጹን ሲያዩ ሦስት ሆኖ ተገኘና ክርክሩ ቆመ። የሱዳን ጊኔ ዋጋው እየወደቀ ስለነበር ዕዳውን ዋዜማ ላይ በነበረው ምንዛሬ ወደ ብር ለውጠን እንድንከፋፈል ተስማማን። ከ7ቱ 4ቱ ሙሉ ድርሻቸውን አግኝተዋል። ሁለቱ በከፊል ደርሷቸዋል። አንዷ እስካሁን አልተገኘችም፤ ድርሻዋ በስሟ ተቀምጧል፣ ገጿም ታትሞ ይጠብቃታል።

ካርቱም ያላችሁ፣ ወይም ለመመለስ የምትዘጋጁ፣ ሱቃችሁ ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር ካገኛችሁ ባለቤቱን ሳትጠይቁ አትጣሉት፣ ፎርማትም አታድርጉት። ዲስኩን አውጥታችሁ በደረቅ ቦታ አስቀምጡት። «ፈቃድ ተከልክሏል» ካለም ደስ ይበላችሁ፤ ውስጡ ያለው ነገር አለ ማለት ነው። ቸር ያገናኘን።